የአስካለ የግድግዳ ፎቶ

ጋሽ ዓምደሚካኤል ሚስታቸውን ፎቶ ላስነሳ ብለው ሲመጡ ወዲያው ጠረጠርኩ። ሠላሳ ዓመት በትዳር ሲኖሩ ከጡረታ ደብተራቸው ጉርድ ፎቶ በቀር ለፎቶ ቤት አምስት ሳንቲም አውጥተው የማያውቁ ሰው፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ እኔ የሱቁን ቆርቆሮ መዝጊያ ገና ወደ ላይ ሳልገፋ፣ በረንዳው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ግራና ቀኝ ያያሉ። ፎቶ ቤት በር ላይ ቆሞ ግራና ቀኝ የሚያይ ሰው ወይ ከሚስቱ ሌላ ሴት ይዞ ሊነሳ ነው፣ ወይ ሰነድ ሊያስመስል ነው፣ ወይ ደግሞ ቤቱ ውስጥ ሊሞት የተቃረበ ሰው አለ። ከነዚህ ሌላ አራተኛ ምክንያት እስካሁን አልገጠመኝም።

እኔ ሙሄ ሰውን ጠርጥሬ ስቼ አላውቅም። ሃያ ሰባት ዓመት እዚሁ ፒያሳ ካሜራ ጀርባ ቆሜአለሁ፤ በትንሹ አንድ ሚሊዮን ፊት በእጄ አልፏል። ሚኒስትርም ሊስትሮም አንስቻለሁ። በአንድ የጥር ቅዳሜ አርባ ሁለት ሙሽራ አንስቼ፣ አርባ ሦስተኛዋ ስትቀመጥ መብራት ጠፍቶ በሻማ አነሳኋት፤ ከሁሉም አምራ የወጣችው እሷ ናት፤ ባሏ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ከመኪናው ወርዶ ያቅፈኛል። ሰፈሩ ሲፈርስ ከጎኔ የነበሩት ወርቅ ቤቶችና ኬክ ቤቱ ሲነሱ እኔ ቀረሁ። ሰዉ ማን ዘመድ አለህ ይለኛል። ማንም የለኝም፤ ግሬደሩ ራሱ እኔን ሲያይ አፍሮ ነው የተመለሰው። አሁን ከበሬ ፊት ለፊት ሰፊ የእግረኛ መንገድና ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ አምፖል አለ፤ ኪራዩም እንደ አምፖሉ ወደ ላይ ወጥቷል። ክፍሉ ግን ያው ነው፦ ወርዱ ሁለት ሜትር ተኩል፣ ርዝመቱ አራት፤ መደገፊያ የሌለው ዱካ፣ ከኋላው ሰማያዊ መጋረጃ፣ በገመድ የታሰረ ማበጠሪያ ያለው መስታወት፣ ከመጋረጃው ኋላ ኮምፒውተሬና ማተሚያዬ። ማበጠሪያውን ያሰርኩት ስለሚሰረቅ ነው። ፊቱን ሊያሳምር መጥቶ ማበጠሪያ የሚሰርቅ ሕዝብ መሃል ነው የምኖረው።

ጋሽ ዓምደሚካኤል ገብተው አልተቀመጡም። የአስካለ ፎቶ፣ ከደረት በላይ፣ ሠላሳ በአርባ፣ በደህና ክፈፍ እፈልጋለሁ አሉ። ይህን ስሰማ እኔ ተቀመጥኩ። እኛ ቤት እንዲህ ያለው ትእዛዝ የግድግዳ ነው የሚባለው። ለቅሶ ቤት ከፍ ተደርጎ የሚቀመጠው፣ ቀብር ላይ ከፊት የሚያዘው ማለት ነው። እንደ ደንቡ የሚታዘዘው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው። ቤተሰቡ በማለዳ ዓይኑ አብጦ ይመጣና በስልክ የተነሳ የሰው ሠርግ ያሳየኛል፤ ሟቹ ጉርሻ አፉ ውስጥ ይዟል፣ የማያውቀው ሰው ክንድ አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል፤ እኔ ፊቱን ከመሃል ቆርጬ፣ አፉን ዘግቼ፣ ኮት አልብሼ እስከ ስድስት ሰዓት አደርሳለሁ። በዚች ከተማ በቁማቸው ኮት ለብሰው የማያውቁ ስንትና ስንት ሰዎች በኔ እጅ ለብሰው ሄደዋል። በሕይወት ላለ ሰው የግድግዳ ሲታዘዝ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። ደግሞ ለአስካለ። አስካለን እትዬ እያልኩ አንቺ የምላት ደፍሬ አይደለም፤ እሪ በከንቱ አንድ ግቢ ነው ያደግነው፤ እናቴ ኡሙሀኒ ከወሎ መጥታ እኔን ስትወልድ እሷ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አዝላ ነው ያሳደገችኝ። እኔ በዘጠኝ ወሬ የሮጥኩት ከሷ ጀርባ ለመውረድ ቸኩዬ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክራል።

ሰውየው በሩን ገፋ አድርገው ዘጉና በሹክሹክታ ነገሩኝ። አስካለ አንድ ዓመት ሙሉ ሽንት ቤት ስትቀመጥ ደም ታያለች። ኪንታሮት ነው ብላ ቅጠል ዘፍዝፋ ትቀመጥበታለች፣ ጸበል ትጠጣለች፣ ለማንም አትናገርም፤ ነገሩ የሚነገር አይደለማ። ከሁለት ወር በፊት ሆዷ ተነፍቶ ሰገራ አልወጣ ሲላት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ብርቱካን ይዤ ጠይቄያታለሁ። ያላወቅሁት የቀረውን ነው። ከትልቁ አንጀቷ ተቆርጦ የወጣው ሲመረመር ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጉበቷ በመሣሪያ ሲታይ እዚያም ደርሷል፤ አንድ ቦታ ሳይሆን አምስት ቦታ። ዶክተሩ ባልና ልጅን ወደ ውስጥ ጠርቶ ነገራቸው፤ አስካለ ውጭ አግዳሚው ላይ የሁሉንም ቦርሳ አቅፋ ጠበቀች። ዶክተሩ እንዳላቸው፣ ይህ ድሮ የሽማግሌ በሽታ ነበር፣ አሁን የአርባ ዓመት ሰውም ይዞት ይመጣል፤ እሱ ዘንድ አብዛኛው ሰው የሚመጣው እንደሷ ከተሰራጨ በኋላ ነው። ኬሞውን ከወሰደች ሁለት ዓመት ገደማ ትኖር ይሆናል፤ አምስት ዓመት የሚሞላው ከአስር ሰው አንዱ ነው። ካልወሰደች በወራት የሚቆጠር ነው። የመጀመሪያው ኬሞ ነገ ጠዋት ነው። ለሷ ግን ለደም ማነስሽ ግሉኮስ ይሰጡሻል ብለዋታል።

«ብትሰማ በድንጋጤ ትሞትብናለች» አሉኝ።

ታዲያ ፎቶው ምን አስቸኮለው ብዬ ጠየቅኋቸው። ኮታቸውን ከላይ ፈትተው እንደገና ቆለፉት። እንደ ሌላው ሰው በማለዳ ተዋክበው ከሰው ሠርግ ላይ እንድትቆረጥ እንደማይፈልጉ፣ መድኃኒቱ ሳያከሳት መልኳ ሳለ እንድትነሳላቸው ነገሩኝ። ቀጥለውም ላትናገር በኡሙሀኒ ነፍስ ማል አሉኝ። እናቴ ከሞተች አስራ አንድ ዓመቷ ነው። ማልኩ። ከዚያ ክፈፍ መረጡ። ሺህ ስምንት መቶ ብር የሚያወጣው የፕላስቲክ አለ፤ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ የሚያወጣው የእንጨት አለ። የእንጨቱን አነሱ፣ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፣ ይሄ ይሁን ብለው ግማሹን ቀብድ ቆጠሩልኝ፤ ዋጋም አልተከራከሩም። ጋሽ ዓምደሚካኤል ያልተከራከሩበት ዋጋ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም፤ ሽንኩርት ሲገዙ የሚያለቅሰው ሻጩ ነው። ከሄዱ በኋላ ክፈፉን ይዤ ብዙ ቆየሁ። እውነቱን ለመናገር እሳቸውንም ጠረጠርኳቸው። ሚስቱ ቆማ እየሄደች የለቅሶዋን ክፈፍ የሚመርጥ ባል ወይ እጅግ ይወዳታል፣ ወይ ቀኑን እየቆጠረ ነው፤ ከፊቱ ደግሞ የቱ እንደሆነ አይለይም። አንድ ሚሊዮን ፊት ያየሁት እኔ አልለየሁትም።

አራት ሰዓት ላይ ሦስት ሆነው መጡ። አስካለ ነጠላዋን አጣፍታለች፤ ልጇ ጸሎት ክንዷን ይዛታለች፤ አባት ከኋላ። ቀዶ ሕክምናው ብዙ ሥጋ ወስዶባታል፤ ጉንጯ ገባ ብሏል፣ የዓይኗ ነጭ ብርቱካን ልጣጭ መስሏል። ምላሷ ግን እንዳለ ነው። ገና ዱካው ላይ ሳትቀመጥ ወሬዋን ጀመረች፤ የምትናገረው ለኔ ቢሆንም የምታሰማው ግን ለነሱ ነው። ሰሞኑን ቤቷ ውስጥ የማታውቀው ሰው ገብቶ የነበሩትን ሰዎች የለወጠባት ይመስላታል። ሠላሳ ዓመት አንድ ብርጭቆ ውኃ ቀድቶላት የማያውቅ ባሏ፣ ኪሎው ሦስት መቶ ብር የገባ ብርቱካን እየላጠ፣ ፍሬውን እያወጣ በሳህን ያቀርብላታል። ጸሎት ከባንኩ የዓመት እረፍት ወስዳ፣ ወጥ በሠራች ቁጥር ጨው በዛ ወይ እያለች ትጠይቃታለች። የባሏ እህት የሺዓለም፣ በአንድ የአጥር ቆርቆሮ ምክንያት ዘጠኝ ዓመት ያኮረፈቻት፣ ባለፈው እሑድ ማር ይዛ መጥታ አራት ጊዜ ሳመቻት። አስካለ ይህን ስትተርክ ማበጠሪያውን ከነገመዱ ስባ ፀጉሯን ታስተካክላለች፤ በመስታወቱ ውስጥ ደግሞ ባሏን ታያለች። ባሏ የዋጋ ዝርዝሩን ያነባሉ። ዝርዝሩ አራት መስመር ነው፤ ሩብ ሰዓት አነበቡት።

ከዚያ ፎቶው ለምንድን ነው አለች። የመታወቂያ ነው አሉ ጋሽ ዓምደሚካኤል፣ በሙሉ ልብ።

«ፋይዳ እንደሆነ እዚያው ራሳቸው ነው የሚያነሱት። ፓስፖርት እንደሆነ የት ልትልኩኝ ነው?»

ጸሎት ቶሎ ጣልቃ ገባችና የጋብቻቸው ሠላሳኛ ዓመት መሆኑን፣ ልታስደስታቸው አስባ እንደሆነ ተናገረች። ክፉ ውሸት አልነበረም፤ እኔ ግን ከሷ የተሻሉ ሰባት ነበሩኝ። አስካለ ወደ ካሜራው ዞረች፣ ወደ ባዶው ቦታ ዞረች፣ ከዚያ ባሏን አየች።

«ያገባሁት ብቻዬን ነው እንዴ?»

ጋሽ ዓምደሚካኤል መጥተው መቀመጥ ግድ ሆነባቸው። ሁለተኛ ዱካ ስለሌለኝ የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ ጨርቅ ጣል አደረግሁበት። ትንሽ ጠጋ በሉ አልኳቸው፤ ከጠጉ በኋላ ማንም ሳያዛቸው ቀኝ እጃቸውን አንስተው ትከሻዋ ላይ አኖሩት። በሰው ፊት ነክቷት የማያውቅ እጅ ነው። አስካለ እጁን ከጣሪያ የወረደ ነገር ይመስል አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችው።

«ምን አጥፍተህ ነው?» አለችው።

በዚህ ጊዜ ጸሎት ስልክ ተደወለልኝ ብላ ወጣች። ስልኩ አልጮኸም። በመስኮቱ ሳያት የበረንዳው ምሰሶ ላይ ግንባሯን አስደግፋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እኔ ፍላሹን ሦስት ጊዜ አበራሁ። በሦስተኛው ላይ አስካለ እየተጠራጠረችም ቢሆን ወደ ባሏ ትንሽ ደገፍ ብላ ነበር፤ ሰው ሳያስበው እንደሚደገፈው። ሲወጡ ጋሽ ዓምደሚካኤል ወደኋላ ቀርተው ጆሮዬ ሥር፣ እኔን አውጣኝና እሷን ብቻ አድርግልኝ አሉኝ።

ከሥራዎች ሁሉ ከባዱ የሰው እጅ ከሰው ትከሻ ላይ ማንሳት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ሁለት ቀን ይፈጅበታል፤ እኔ በአንድ ሰዓት ተኩል ጨረስኩ። አምስቱን ጣት አንድ በአንድ አጠፋሁ፣ ነጠላዋን ከግራ ትከሻዋ ቀድቼ በቀኙ ሞላሁ፣ ጉንጯን መለስኩላት፣ የዓይኗን ብጫ አነጣሁት፣ ከኋላዋ ግራጫ ሰማይ አደረግሁ። አስር ዓመት ቀነሰችልኝ። አንድ ነገር ግን እምቢ አለኝ። ባሏ ቢወጡም ዘንበል ማለቷ እንዳለ ነው። ሴትዮዋ ሰማይ ላይ ብቻዋን ሆና አንድ የሌለ ነገር ተደግፋለች። ወደዚህ ባዞራት፣ ወደዚያ ባዞራት አልቀና አለችኝ። ምሳም አልበላሁም፤ ማኪያቶ አዝዤ፣ መቶ ብር ከፍዬ፣ እዚያው ቀዘቀዘ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ፤ አስካለ ናት፣ ብቻዋን። ከእሪ በከንቱ ዳር ካለው ቤታቸው እኔ ጋ ጤነኛ ሰው በአስር ደቂቃ ይደርሳል፤ እሷ ግማሽ ሰዓት ፈጅቶባታል፤ ሦስት ቦታ እንደተቀመጠች ነገረችኝ። ለቤተሰቡ ጊዮርጊስ ተሳልሜ ልምጣ ብላ፣ ጸሎት ልከተልሽ ስትላት ጫማዋን እስክታደርግ ጠብቃ አምልጣ ነው የወጣችው። ውኃ ሰጠኋት። ትንፋሿ እስኪመለስ ስለሚስቴ ስለ ነጂባ ጠየቀችኝ፤ የጉልበቷ ነገር እንዴት ሆነ፣ ልጆቹስ ትምህርቱን ያዙት ወይ አለችኝ። እኔም ስለ ኪራዩ ነገርኳት። እንዲህ ቀስ ብሎ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ መጋረጃውን በጀርባዬ ከለልኩት። ብርጭቆውን አስቀመጠችና ፎቶውን አሳየኝ አለች። አልታተመም አልኳት። ተነሥታ በክንዴ ሥር አልፋ መጋረጃውን ራሷ ገለጠችው።

ኮምፒውተሩ ላይ ፊቷ ከመስኮት ይሰፋል። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ጣቷን አንስታ ትከሻዋ ላይ፣ እጁ በነበረበት ቦታ፣ የኮምፒውተሩን መስታወት ነካችው።

«ዓምዴ የታለ?»

እኔ እንዲህ ሲሆን ምላሴ ቀድሞኝ ነው የሚሮጠው። በሦስት ሰከንድ ውስጥ ዘጠኝ መልስ አዘጋጅቻለሁ፦ ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል፣ ሁለት ዓይነት ነው የማትመው፣ የሳቸው ለብቻ ሊወጣ ነው። አፌን ስከፍት ግን ቀደመችኝ። ተቀመጠችና ማስረጃዋን ደረደረች፤ ዳኛ ቢሆን በአንድ ቀጠሮ ይፈርድላት ነበር። ባሏ ባለፈው ማክሰኞ የቤቱን ካርታ ከሣጥን አውጥቶ ይዞት ወጥቷል። ስልክ ሲደወልለት ግቢ ይወጣል። ከልጇ ጋር ማድ ቤት ያንሾካሹካሉ፤ እሷ ስትገባ ስለ ሽንኩርት ያወራሉ። የሺዓለም በእርቅ ስም መጥታ ቤቱን ዞራ ዞራ አየችው። ሌሊት ደግሞ ባሏ ተነሥቶ ተቀምጦ ያያታል፤ የተኛች መስሎት። ሴት ይዟል። ቤቱን ሸጦ፣ እሷን በድካሟ ደብረ ብርሃን ላለችው እህቷ ሊሰጣት ነው። ብርቱካኑ የጥፋተኛ ብርቱካን ነው። ይህን ሁሉ ያለችው ድምጿን ከፍ ሳታደርግ ነው።

«ይኸው ደግሞ ቆርጦ ጥሎኛል። መቀሱን የያዝከው አንተ ነህ፤ ያዘልኩህ ልጅ።»

የተቆረጡት እሳቸው ናቸው፣ አንቺ አይደለሽም ልላት ፈለግሁ፤ ግን በምን አፌ። ቀጥላም ነገ ሐኪም ቤት እንደማትሄድ ነገረችኝ። ግሉኮሱን ከፈለገ ራሱ ይሰካው፤ እሷ ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት ላይ የደብረ ብርሃን መኪና ተሳፍራ እህቷ ጋ ትወርዳለች፤ እዚያ ጸበሉም ቅርብ ነው፤ እስከ ፋሲካም አትመለስም። ልብሷን በፌስታል አስራ ከአልጋ ሥር አስቀምጣለች። አስካለ የምትለውን የምታደርግ ሰው ናት፤ የአጥሩን ቆርቆሮ ቂም ዘጠኝ ዓመት ይዛ የቆየች ሴት ናት። እኔ በሆዴ ወሮቹን ቆጠርኩ። እስከ ፋሲካ አምስት ወር ነው። ዶክተሩ ያለመድኃኒት ስንት ወር እንደሆነ አልተናገረም፤ ከአምስት የበዛ ይሆናል ብዬ ግን እኔም፣ ሁሉን የማበዛው ሰው፣ ልገምት አልደፈርኩም። እናቴን በሆዴ ይቅር በይኝ አልኳት።

«እትዬ፣ ጋሼ ሴት የላቸውም። ያንቺ ሕመም ደም ማነስ አይደለም። አንጀትሽ ላይ የነበረው ካንሰር ነው፤ አሁን ጉበትሽ ላይም አለ። ነገ የሚሰጥሽ የሱ መድኃኒት ነው።»

ይህን ያህል አጭር ነገር ተናግሬ አላውቅም። ውጭ የታክሲ ረዳት ይጣራል፤ ማተሚያው ሳላዘው ተነሥቶ ራሱን አጸዳና ዝም አለ። አስካለ እጇን ሆዷ ላይ፣ ስፌቱ ባለበት አሳረፈች። ትጮኻለች ብዬ በሩን ልዘጋ ተነሳሁ።

«ሴት የለውም?» አለች።

«የላቸውም።»

«ካርታውንስ?»

ለመድኃኒቱ ሊበደሩበት እንደሆነ እንደምገምት ነገርኳት። አየር ስባ ለረጅም ጊዜ አስወጣችው፤ ትከሻዋ ወረደ፤ ፊቷ ላይ ያየሁትን እንኳን ሌላ ሰው ባለቤቷ ጋሽ ዓምደሚካኤልም አያምኑኝም፤ እፎይ ነው ያለችው። የቆየው ግን አንድ ደቂቃ አይሞላም። ከዚያ ነገሩ ራሱ ደረሰባትና የነጠላዋን ጫፍ በሁለት እጇ ያዘች። ማን ማን ያውቃል አለችኝ። ባሏ፣ ልጇ፣ የሺዓለም፣ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ እኔ አልኳት። የንስሐ አባቷንም ጨመርኩ፤ ስለ እሳቸውና ስለ የሺዓለም ማንም አልነገረኝም፣ ግን ማሩንም፣ ቄሱ ሰሞኑን ሁለቴ መምጣታቸውንም ጠዋት ከራሷ ሰምቻለሁ። በጣቷ እየቆጠረች አዳመጠችኝ። አምስተኛው ጣት ላይ ስትደርስ ራሷን የምትጨምርበት ጣት ፈለገች።

«ስንት ዓመት አለ ሐኪሙ?»

እዚህ ላይ ነው የተቸገርኩት። አርባ ሁለት ሙሽራ አርባ ሁለት አልነበረም፤ አስራ አንድ ነበር። ለእኔ ቁጥር እንደ ሊጥ ነው፣ ካልኮፈሰ ደስ አይለኝም። ሁለት የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ሲደርስ ስድስት ሊሆን ይታገለኝ ነበር። ዓይኗ ግን ዓይኔ ላይ ነው፣ ብጫው ዓይኗ። መድኃኒቱን ከወሰድሽ ሁለት ዓመት ገደማ አልኳት። አምስት የሚሞላው ከአስር አንድ ሰው ነው አልኳት። ካልወሰድሽ ወራት ነው አልኳት። ምንም አልጨመርኩም። እሷ ራሷን በዝግታ ነቀነቀች። ከአስር አንድ ስትል ደገመችውና፣ ያንን አንድ ሰው ማንም አይቶት ያውቃል ወይ አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ያም እውነት ነው።

ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ዞራ፣ ዓይኔን ለምን አነጣኸው አለችኝ። እንድታምሪ ብዬ ነው አልኳት። እንደነበረ መልሰው አለች። ዓምዴንም መልሰው። እኔ ቁልፉን ደጋግሜ ተጫንኩ፤ ሥራዬ ሁሉ ወደኋላ ሄደ፤ ሰማዩ ወደ መጋረጃ ተመለሰ፣ ጉንጯ ገባ፣ ጣቶቹ አንድ በአንድ ትከሻዋ ላይ መጥተው አረፉ፣ ከጣቶቹ ኋላ ክንድ፣ ከክንዱ ኋላ ኮቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው መጣ። እሷ ዘንበል ያለችበት ነገር ቦታው ላይ ሆነ። የአንድ ሰዓት ተኩል ድካሜ በሃያ ሰከንድ ጠፋ፤ ቅርም አላለኝ።

ጋሽ ዓምደሚካኤል የገቡት በዚህ ጊዜ ነው። ከጊዮርጊስ እስከ አደባባዩ ድረስ ሲፈልጓት ኖሯል፤ ላባቸው በጆሮ ግንዳቸው ይወርዳል፣ የግራ ጫማቸው ክር ተፈትቶ ይጎተታል። ጸሎት ከኋላቸው ቆማለች። ሚስታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ የተገለጠውን መጋረጃ አዩ። እኔ ማተሚያውን መመርመር ጀመርኩ።

«ነግሮኛል» አለች አስካለ።

ሰውየው ወደኔ ዞሩ። የማልከው እኮ በእናትህ ነፍስ ነው ብለው ሲጀምሩ አቋረጠቻቸው።

«እሱን ተወው። ጉበቱ የማን ነው?»

«ያንቺ» አሉ።

«ታዲያ ሐኪሙ ሲናገር ማን ሰማ?»

እንዳትደነግጪ ብዬ ነው አሉ፤ ድምፃቸው ከተቆለፈው ኮታቸው ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። አስካለ ደንግጣ እንደነበረ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሴት ይዟል ብላ ስትደነግጥ እንደከረመች ነገረቻቸው። ጸሎት በእጇ አፏን ያዘች፤ የወጣው ድምፅ ሳቅ ይሁን ለቅሶ እኔም አልለየሁትም። ጋሽ ዓምደሚካኤል አልሳቁም። «እኔ? ሴት?» አሉ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለራሳቸው። አስካለ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች፤ ዱካውን ይዛ ለአፍታ ቆመች፤ ማንም እንዲይዛት አልፈቀደችም።

«ነገ ስንት ሰዓት ነው?»

«ሁለት ተኩል።»

«እንግዲያው ማለዳ አትቀስቅሰኝ። እኔ ነኝ የምቀሰቅስህ። ሐኪሙ ጋ የምገባው እኔ ነኝ፤ ልቀጥል ልተው የምለውም እኔ ነኝ። ከፈለግህ አብረኸኝ ትገባለህ።»

ጋሽ ዓምደሚካኤል እሺ አሉ። ስለ ክፈፉም፣ ስለ ቀብዱም ያነሳ የለም። አስካለ በሩ ጋ ስትደርስ ቁልቁል አየችና ክርህን እሰር፣ ትወድቅብኛለህ አለቻቸው። ጎንበስ አሉ፤ ክሩ ሁለት ጊዜ አመለጣቸው። እሷ መዝጊያውን ይዛ፣ መንገዱን እያየች፣ አስረው እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው።